በቀን ሠራተኛ ክፍያ ላይ ጣሪያ ይውጣ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ካለፈው ኅዳር ወዲህ አንድ ጽሑፍ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ዘንድ ከአራት ሰዎች ደርሷል። አንደኛው ሉማሜ የሚኖረው አጎቴ ነው፤ «አንብበው፣ እውነቱን ነው የጻፈው» ብሎ አክሎበታል። ጸሐፊው ጎጃም ውስጥ ሠራተኛ ጠፋ ብለው ይጀምሩና ምክንያቱን ይዘረዝራሉ፤ መፍትሔም ያቀርባሉ። የገበሬው ችግር ከልብ እንደሚያሳስባቸው ከየመስመሩ ይታያል። ይሁን እንጂ ምክንያት ካሏቸው ውስጥ አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው። መፍትሔ ያሉት ደግሞ ቢተገበር መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን ገበሬውን ነው። ይህን ምላሽ የጻፍሁትም ለዚህ ነው።

ላላነበባችሁት የጽሑፉን ሐሳብ በአጭሩ ላስቀምጥ። ወጣቱ ሥራ ጠልቷል ይላሉ፤ በአጨዳ ወቅት ሠራተኛ የሚጠፋውም፣ ፋብሪካ የገባው በሁለት ወር ጥሎ የሚወጣውም በስንፍና ነው። የቀን ሠራተኛ ክፍያ ከልክ ስላለፈ ወረዳዎች ጣሪያ ያውጡለት፣ ከዚያ በላይ የጠየቀም የከፈለም ይቀጣ የሚለው ሁለተኛው ነጥባቸው ነው። በሦስተኛ ደረጃ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች በርካሽ እየሠሩ የከተማውን ወጣት ሥራ ነጥቀውታል ይላሉ። አራተኛ፣ ኮምባይነር የደሃውን እንጀራ ስለሚወስድ ይገደብ። አምስተኛ፣ መንግሥት ለግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ወለል፣ ማለትም ከእሱ በታች መክፈል የማይፈቀድበትን ልክ፣ ከወሰነ የቡሬና የባሕር ዳር ፋብሪካዎች ይዘጋሉ። በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ወጣት ሥራ አጥ የሆነው ሥራ ስለሚንቅ ነው። ሐሳባቸውን አጣምሜ እንዳላቀረብሁ ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ይፈርድልኛል።

ነጥቦቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መጀመሪያ የታየኝ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው። በሁለተኛው ሠራተኛ ጠፍቶ ክፍያ ናረ ይሉናል፤ በሦስተኛው ሠራተኛ በዝቶ ክፍያ ወደቀ ይሉናል። በሁለተኛው መንግሥት በደመወዝ ጉዳይ እጁን ያስገባ ይላሉ፤ በአምስተኛው እጁን ይሰብስብ ይላሉ። ክፍያ ዝቅ እንዲል ሲሆን ይግባ፣ ክፍያ ከፍ እንዲል ሲሆን አይግባ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን አስበውበት ነው ብዬ አልከሳቸውም። ነገሩን አንድ ጊዜ እንኳ በሠራተኛው ዓይን ቢያዩት ኖሮ ግን ሳያስተውሉት አያልፉም ነበር።

ከስንፍናው ልጀምር። አክስቴ ቢቸና አጠገብ ሦስት ጥማድ መሬት አላት። ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቿም እንደ እኔ ከተማ ገብተዋል፤ ስለዚህ ጤፏን የምታሳጭደው በቀን ሠራተኛ ነው። ባለፈው ኅዳር ፈቃድ ወስጄ ልረዳት ሄጄ ነበር። ገና ሳይነጋ ስድስት ልጆች ማጭዳቸውን ይዘው ከደጇ ደረሱ። «400 ብር፣ ቁርስና ምሳ ከእኔ» አለቻቸው። መሪያቸው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አንገቱን ደፋ አድርጎ «እናቴ፣ ከወንዙ ማዶ 500 እየከፈሉ ነው፤ እርስዎን ብለን ነው መጀመሪያ እዚህ የመጣን» አላት። አክስቴ ተቆጣች። «አባወራ የሌለው ቤት አይታችሁ ነው?» አለች። ልጆቹ አልመለሱላትም። ማጭዳቸውን አንሥተው ተራ በተራ «ደህና ይዋሉ እናቴ» እያሉ ወደ ወንዙ ወረዱ።

በማግሥቱ ሰማዩ ጠቆረ፤ ማታውን ዘነበ። የደረሰ ጤፍ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን ለጎጃም ሰው አይነገርም። ይተኛል፣ ፍሬው ይረግፋል፣ የተረፈውም መልኩ ይበላሻል። አክስቴ በሦስተኛው ቀን ሰው ልካ እነዚያኑ ልጆች አስመጣችና በ500 ብር በሁለት ቀን አሳጨደች። ከአውድማው ላይ ሲሰፈር ካሰበችው ሁለት ኩንታል ያህል ጎደለ።

ሒሳቡን ማታ ለብቻዬ ሠራሁት። ስድስት ሰው ለሁለት ቀን በ400 ብር ሲታሰብ 4,800 ብር ነው፤ በ500 ሲታሰብ 6,000። የተለያዩበት ገንዘብ 1,200 ብር ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ 13,000 ብር አካባቢ ይሸጥ ነበር። የአክስቴን ኀዘን ለማቃለል አይደለም ይህን የማነሣው፤ 1,200 ብር ለእሷ ብዙ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በዚያች ጠዋት የጉልበት ዋጋ ስንት እንደሆነ አጥርተው ያወቁት ልጆቹ ነበሩ። ወንዝ ማዶ ደርሰው፣ ጠይቀው፣ አወዳድረው ነው የመጡት። ሰነፍ ሰው 100 ብር ጭማሪ ፍለጋ በሌሊት ወንዝ አይሻገርም።

ጸሐፊው ያላዩት ወቅቱን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሁሉም ጤፍ በአንድ ሰሞን ይደርሳል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ አጫጅ ይፈልጋል። አባቶቻችን ይህን ችግር በወንፈልና በደቦ ያቃልሉት ነበር፤ ጉልበት ለጉልበት ይበዳደሩ ነበር። ወንፈል ግን በየቤቱ የሚበደርና የሚመልስ ጎረምሳ ሲኖር ነው የሚያዘልቀው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ከተማ የገቡባት ሴት በምን ትመልሳለች? ስለዚህ በገንዘብ መቅጠር ግድ ሆነ፤ በገንዘብ ሲሆን ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን የሚፈልገው ነገር በዚያ ቀን ይወደዳል። ወደዚያው መንደር በመጋቢት ብትሄዱ እነዚያን ልጆች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ያኔ በ200 ብርም የሚፈልጋቸው የለም። ጸሐፊው በኅዳር አይተው «ሠራተኛ ጠፋ» አሉ፣ በመጋቢት አይተው «ወጣቱ ሰነፈ» አሉ። ሁለቱም ጊዜ ያዩት አንድን ልጅ ነው።

ይህ ልጅ የሚሄድበት ሌላም ቦታ አለው፤ ነበረው ማለት ይሻላል። ከመስከረም ጀምሮ ብዙ የጎጃም ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርድ ነበር። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ ካላዛሩን እያወቀ ይወርድ ነበር። አዊ ውስጥ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው በማሳው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል ማክሰል ሲጀምር ደግሞ ለቆረጣው፣ ለማክሰሉና ለጭነቱ እዚያው ቤቱ አጠገብ ሥራ ተገኘ። ለአጨዳ የሚፈለገው ሰው ክፍያም በዚያው መጠን ተወደደ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽታ ዛፉን ሲመታው ያ ሥራ ተቀዛቀዘ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ጠባዩም አልተለወጠም። የተለወጠው «እምቢ» ብሎ የሚሄድበት ቦታ መኖርና አለመኖሩ ነው። ለእኔ የክፍያ ነገር ሁሉ የሚጠቀለለው እዚህ ላይ ነው፤ የደመወዝን ልክ የሚወስነው ሠራተኛው የቀረበለትን ክፍያ ትቶ ሲነሣ ወዴት መሄድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ያየነውም ይህንኑ ነው። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ወንዝ ማዶ ሠራተኛ ይጠፋል፤ ከወንዙ ወዲህ ደግሞ ሠራተኛ ተርፎ ክፍያ ይወርዳል። የጸሐፊው ሁለት የተቃረኑ ነጥቦች በአንድ ቀን እውነት ሊሆኑ የሚችሉት እንዲህ ነው፤ እሳቸው ግን መንገዱን አንድም ቦታ አላነሡትም።

ወደ ፋብሪካው ልምጣ። ሠራተኞች በሁለትና በሦስት ወር ጥለው መውጣታቸው እውነት ነው። ለምን እንደሚወጡ ግን ከግምት የተሻለ መልስ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን የፋብሪካውን ሥራ አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ መነሻ ገንዘብና ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው እንደነበረ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት ፋብሪካ ከገቡት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ወጥተዋል፤ ዓመት ሲሞላ ከአራቱ ሦስቱ ወጥተው ነበር። የፋብሪካው ክፍያ በጉልትና በቀን ሥራ ከሚገኘው አይበልጥም፤ ጤናን ግን ይጎዳ ነበር። መነሻ ገንዘብ ያገኙት በአንጻሩ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አድጓል። ይህ ልዩነት ከዓመታት በኋላ መጥፋቱን ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ስለዘገቡ እኔም አልደብቀውም። ለያዝነው ክርክር ዋናው ነገር ግን የወጡት ሰዎች ሥራ ፈትተው ለመቀመጥ አለመውጣታቸው ነው፤ ወጥተው ሌላ ሥራ ሠርተዋል።

ሄንሪ ፎርድም ከመቶ ዓመት በፊት ይኸው ችግር ገጥሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 በመኪና ፋብሪካው የሠራተኛ መቀያየር 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ አንድ የሥራ ቦታ ሳይጎድል ለማቆየት በዓመት ወደ አራት ሰው መቅጠር ነበረበት ማለት ነው። በጥር 1914 የቀን ክፍያውን እጥፍ ያህል አሳድጎ 5 ዶላር ሲያደርገው ሰው ከበሩ ላይ ተሰለፈ፤ የሚለቀውም በእጅጉ ቀነሰ።

እርግጥ ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ፣ ሥራውን ጀምሮ እኩል ላይ የሚተው ሠራተኛ አለ። አክስቴም አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟት ያውቃል። ጸሐፊው በዚህ መማረራቸው ተገቢ ነው። ቀብድ የበላን ሰው መጠየቅና ክፍያ የጨመረን ሰው መቅጣት ግን ለየቅል ናቸው።

ጣሪያውን በተመለከተ መጀመሪያ የምጠይቀው «ክፍያው ከልክ አልፏል» ሲባል በምን ልክ ተለክቶ እንደሆነ ነው። በ2008 ክረምት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለግንበኛ ሲሚንቶና አሸዋ እየተሸከምሁ በቀን 80 ብር ይከፈለኝ ነበር። ያኔ እናቴ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ የገዛችው በ1,800 ብር አካባቢ ነው። በቀን ክፍያዬ አራት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጤፍ ይገዛ ነበር ማለት ነው። ባለፈው ኅዳር ልጆቹ በ500 ብራቸው ከአክስቴ ጤፍ ልግዛ ቢሉ አራት ኪሎ አይሞላላቸውም። የአንድ ሰው ትዝታና የአንድ ቤት ሒሳብ የአገር ጥናት አይሆንም፤ ነገር ግን በብር ብቻ የሚለካ ሰው ምን ሊያመልጠው እንደሚችል ያሳያል። ጤፉ ከሰባት እጥፍ በላይ ተወዶ ሳለ ስድስት እጥፍ የተወደደውን ጉልበት ብቻ ነጥሎ «ናረ» ማለት ፍርድ አይደለም።

ጣሪያው ቢወጣስ ምን ይሆናል? ይህ በሌላ አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1348 ጀምሮ ወረርሽኝ የእንግሊዝን ሕዝብ ሲሶ ወይም ከዚያም በላይ ሲፈጅ አራሽና አጫጅ ጠፋ፤ ክፍያም ናረ። በ1349 በንጉሥ አዋጅ፣ በ1351 ደግሞ በፓርላማ ሕግ ክፍያው ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ ታዘዘ። ብዙ ሺህ ሠራተኛ ተቀጣ፤ ክፍያው ግን ማደጉን አላቆመም። ሰብሉ ሊረግፍበት የደረሰው ባለመሬት በገንዘብ ያልጨመረውን በምግብና በእህል ይጨምር ነበር። ሕጉ ያተረፈው ቂም ሲሆን ቂሙም በ1381 ለፈነዳው የገበሬዎች ዐመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ።

ወደ እኛው እንመለስ። ቢቸና ያለችበት የእነማይ ወረዳ 400 ብር ጣሪያ ቢያወጣ ልጆቹ ጎረቤት ወረዳ ይሄዳሉ፤ ሁሉም የጎጃም ወረዳዎች ቢያወጡ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ይሄዳሉ። ጣሪያ ያወጣ ወረዳ ሠራተኛውን መርቆ ለሌላ ይሰጣል። ሀብታሙ ገበሬ ሥጋ አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ በዓይነት ጨምሮ ያስቀራቸዋል። ጤፏ ሜዳ ላይ የሚቀረው እንደ አክስቴ ያለችው ናት። በዚህ ላይ «የከፈለም ይቀጣ» ካልን ከዝናቡ በኋላ 500 ብር የከፈለችው አክስቴ ወንጀለኛ ልትሆን ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ አሠሪዎች ክፍያ እንዳይጨምር ሁልጊዜም በየቦታውም በዝምታ እንደሚስማሙ ጽፏል፤ ይህን ዝምታ በወረዳ ማኅተም ማጽናት የአስተዳደር ሥራ አይመስለኝም።

ጸሐፊው የነኩትና በደንብ ሊገፉበት ይገባ የነበረ አንድ እውነተኛ ችግር ግን አለ። ገበሬው ለአጫጅ የሚከፍለው ጤፉን ከመሸጡ በፊት ነው። እህል ሜዳ ላይ እያለ ጥሬ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የአክስቴ ቁጣ ግማሹ ከዚህ የመጣ መሆኑን በኋላ ነው የተረዳሁት፤ በእጇ የነበረው 5,000 ብር ብቻ ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርና በብድርና ቁጠባ ተቋማት በኩል ከአጨዳ በፊት የሚሰጥና ከሽያጭ በኋላ የሚመለስ አጭር ብድር ነው። ጸሐፊው ብዕራቸውን ለዚህ ቢያነሡ ከጎናቸው እቆማለሁ።

ተፈናቃዮቹን በተመለከተ የተጻፈውን ሳነብ አዝኛለሁ። ከመተከል ተፈናቅለው ጫግኒ ራንች መጠለያ የገቡትን ሰዎች ያየ ሰው ስለ እነርሱ «ነጣቂ» የሚል ቃል ሊጠቀም አይገባም። ኀዘኑን ትቼ በሒሳቡ ብቻ ልከራከር። በአንድ ከተማ ውስጥ ያለው ሥራ ተቆጥሮ የተቀመጠ፣ አንዱ ሲወስድ ለሌላው የሚጎድል ነገር አይደለም። የመጣው ሰው ይበላል፣ ቤት ይከራያል፣ ልብስ ያሰፋል፤ ገንዘቡ ለሌላው ሥራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980 በጥቂት ወራት ውስጥ 125,000 ያህል ኩባውያን በጀልባ ፍሎሪዳ ገብተው የማያሚ ከተማ የሠራተኛ ቁጥር በአንድ ጊዜ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዴቪድ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት የነባሩ ሠራተኛ ክፍያም ሥራም አለመውረዱን አሳየ። ጆርጅ ቦርሃስ የተባለ ሌላ የምጣኔ ሀብት ምሁር በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ነባር ሠራተኞች ተጎድተዋል ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ በትንሽ ከተማ፣ ባዶ እጃቸውን የመጡ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሲረባረቡ፣ ለምሳሌ በሸክም ሥራ ላይ፣ ክፍያ ለጊዜው ሊወርድ እንደሚችል እኔም እቀበላለሁ። ግን ለምን በርካሽ ይሠራሉ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «እምቢ» ቢሉ ልጆቻቸው ጦማቸውን ስለሚያድሩ ነው። መሬት፣ መነሻ ገንዘብ ወይም ወደ ቀያቸው በሰላም የሚመለሱበት መንገድ ያገኙ ዕለት የደብረ ማርቆሱ ወጣት ክፍያም አብሮ ይነሣል።

ስለ ኮምባይነሩ ብዙ አልልም። በስንዴ ማሳ ላይ የአጫጁን ቀን መቀነሱ እውነት ነው። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ፣ አገዳው የሚተኛ በመሆኑ በእኛ አካባቢ ዛሬም የሚታጨደው በማጭድ ነው። ስንዴውን ማሽን ካጨደው ያ ሁሉ እጅ ለጤፉ ይደርሳል፤ የጸሐፊው የመጀመሪያ አቤቱታም ይቃለላል። ሠራተኛ ጠፋ እያሉ ሠራተኛ የሚተካውን ማሽን አግዱ ማለት አይገጥምም።

የደመወዝ ወለሉ ነገር ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው እዚህ ላይ ከብዙ የተማረ ሰው ጋር ይስማማሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ እንደ እሳቸው አስብ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ወለሉ እስካሁን አልተቆረጠም። ጸሐፊው እንዲያውም አይቆረጥ ይላሉ፤ ዋጋው የተወደደ ነገር ገዢ ያጣል በሚል አመክንዮ።

አመክንዮው ብዙ ገዢ ባለበት ገበያ ይሠራል። አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ገበያስ? ከመኪና መንገድ የራቀ፣ ድንች የሚያመርት መንደር አስቡ። አንድ ነጋዴ ብቻ የጭነት መኪና ይዞ ይመጣል። ኪሎውን በፈለገው ዋጋ ይገዛል፤ ገበሬው እምቢ ቢል ድንቹ ይበሰብሳል። ነጋዴው በርካሽ ስለሚገዛ ብዙ አይገዛም፤ ምክንያቱም ብዙ ለማግኘት ዋጋ መጨመር አለበት፣ ከጨመረ ደግሞ ለሁሉም መጨመሩ ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ «ከዚህ ዋጋ በታች አይሸጥም» ቢል ነጋዴው መኪናውን ባዶ አይመልስም፤ አዋጭ እስከሆነ ድረስ ይገዛል፣ እንዲያውም ከጓሮው ድንቹን አላወጣ ያለው ሰውም ስለሚያወጣ የሚጫነው ሊበዛ ይችላል። እንግሊዛዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆአን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ይህንኑ ነገር በጉልበት ገበያ ላይ አሳይታለች። በአንድ ትንሽ ከተማ ሁለት ወይም ሦስት ፋብሪካ ብቻ ሲኖር ልጅቷ ከአንዱ ወጥታ የምትገባበት የለም፤ ስለዚህ የሚከፈላት ከምታመርተው ያነሰ ነው፣ የሚቀጠረውም ሰው መቀጠር ከሚችለው ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ልክ ያለው ወለል ሥራን አይገድልም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች፤ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ እንዳለች ቀረች። ካርድና ባልደረባው አለን ክሩገር በሁለቱም ወገን 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን አጥንተው በኒው ጀርሲ ቅጥር አለመቀነሱን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙ። ተቃዋሚዎች በሌላ መረጃ ሞግተዋቸዋል፤ ጥናቱ ግን የምሁራኑን አስተሳሰብ ለውጦ ካርድን እ.ኤ.አ. በ2021 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

አሜሪካ ሩቅ ነው ለሚል የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፓርኩ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በዓለም ላይ በዘርፉ ዝቅተኛው መሆኑን ዘገቡ። ደመወዝ ዝቅ ማለቱ ፋብሪካን የሚያቆይ ቢሆን ኖሮ ከሐዋሳ የሚወጣ ባልኖረ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021፣ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ መዝጋቱን አስታወቀ። በጥር 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የምትገባበት ዕድል ተቋረጠና ሌሎችም ተከተሉ። የወለል ደመወዝ የሚባል ነገር በሌለበት አገር ሠራተኞቹ በሰላም መጥፋትና በገበያ መዘጋት ተበተኑ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ወለሉ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ብቻ አይቶ ቢቆረጥ ለቡሬ ይከብዳል፤ በጣም ከፍ ካለ ቅጥር ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው እንደየአካባቢው፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየጊዜው የሚታይ ልክ ነው። «ስንት ይሁን» የሚለው ጥያቄ ከባድ መሆኑ «አይኑር» ለማለት አያበቃም።

የተመራቂዎቹ ነገር ይቀራል። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ሙሉ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ሥራ ንቄ አልነበረም፤ ዲግሪዬን ይዤ አሸዋ ተሸክሜያለሁ። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። በአካል ቀርቦ መመዝገብ ግዴታ ስለነበር ከደብረ ማርቆስ ሄጄ ተመዘገብሁ። ለጽሑፍ ፈተናው ሁለተኛ ሄድሁ፤ አልጋ ይዤ አደርሁ። ፈተናው ተራዝሟል ተባለ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ማስታወቂያው ከሰሌዳው ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ጥበቃው «ቅጥሩ ቀርቷል» አለኝ። ለመጓጓዣና ለአልጋ ያወጣሁት አባቴ በግ ሸጦ የሰጠኝን ነው። ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር ያህል የትም አላመለከትሁም። በዚያ ጊዜ ያየኝ ሰው «ሥራ ንቆ ተቀምጧል» ቢል አይፈረድበትም፤ በውስጤ የነበረው ግን ንቀት ሳይሆን የአባቴ በግ ነበር።

ሥራ መፈለግ ራሱ ገንዘብ ይጠይቃል። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ለአንዱ ቡድን የመጓጓዣ ድጎማ ሰጡ፤ ሌላውን ደግሞ ችሎታውን መዝነው የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ እንዴት እንደሚያመለክትም አሠለጠኑት። ከአራት ዓመት በኋላ ሥልጠናውን ያገኙት ገቢያቸው ጎላ ብሎ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሠሪው ማን ምን እንደሚችል ካላወቀ፣ ፈላጊውም ሥራው የት እንዳለ ካላወቀ፣ ሁለቱም በአንድ አገር እያሉ ሳይገናኙ ይፈላለጋሉ። የመንግሥት ሥራ ብቻ የሚጠብቅ ተመራቂ የለም አልልም። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቁጥር ሲያበዙ ጥራት አጓድለዋል፤ ጸሐፊው በዚህ ላይ የጻፉትን አንድም ቃል አልቃወምም። ከንቀት ጋር ግን አያገናኘውም።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ አክስቴ ደውላ ነበር። የዚያን ልጅ ስልክ ቁጥር ከበሯ ጀርባ በከሰል ጽፋዋለች። ለመጪው ኅዳር ተስማምተዋል፤ ወንዝ ማዶ በዚያ ቀን የሚከፈለውን ትከፍለዋለች፣ ምሳና ጠላ ከእሷ፣ እሱ ደግሞ ጓደኞቹን ይዞ መጀመሪያ ወደ እሷ ይመጣል። ለገንዘቡ ከሰኔ ጀምሮ እቁብ ገብታለች። «ዕጣው ከኅዳር በፊት ካልወጣልኝ አንተ ትሞላለህ» ብላኛለች፤ እሺ ብያለሁ።